ለሀጂ ልጅ ኒካህ ያልሆነው የማይክ ገመድ

ዛሬ ሰመራ ኒካህ ላይ ሳውንድ ሲስተሜን እየዘረጋሁ ሳለ፣ የሙሽሪት አባት ሀጂ መጡ። የማይኩን ገመድ ጎንበስ ብለው አዩትና ጆሮዬ ላይ "የኔ ልጅ፣ ይሄን አንሳና የድሮውን ዘርጋልኝ" አሉኝ።

ገመዱን ሎጊያ ካለው ሱቃቸው የሸጡልኝ እሳቸው ናቸው።

ያኔ "ርካሽ ነው ብለህ አትናቀው፣ ወላሂ ውስጡ ንጹህ መዳብ ነው" ብለውኝ ነበር። መሐላቸውን አምኜ ሳልሞክረው ወሰድኩት።

በቀደም አዳይቱ ከተማ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲመርቁ ድምፁ እልም አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ለሀጂ ስነግራቸው "አብሽር፣ ሙቀቱ ነው፣ ሚክሰርህ ግሎብህ ነው" አሉ። እኔ ሞኙ ሚክሰሬ ላይ ቬንትሌተር ደቅኜ ሰነበትኩ።

ተራው የልጃቸው ሲሆን ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

የድሮውን ዘረጋሁላቸው። ሙሽራው "ተቀብያለሁ" ሲል ውጭ የቆሙት ሹፌሮች ሳይቀሩ ሰሙት።

የማይክ ገመድ ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ፣ ጫፉን እያጣጠፋችሁ አዳምጡት። ካንኮሻኮሸ ተዉት፤ መሐላ አይጠግነውም።

እናንተስ ለራሱ የማይፈልገውን ምሎ የሸጠላችሁ ሰው አለ? እስቲ ከታች ጻፉልኝ። ሀጂም እዚሁ ጓደኛዬ ስለሆኑ ያነቡታል።