ወፍጮ ያስቆመች አስተርጓሚ

ነገሩ የሆነው ክልሉ ገና አዲስ በነበረ ጊዜ ነው። አሶሳ ላይ ማኅተሙ ደርሶ ወንበሩ ያልደረሰለት ቢሮ ብዙ ነበር። መንጌም ወረዳ ተብላ ሹማምንቱ በየሳምንቱ መኪና እያስነሡ ይመጡባት ጀመር። የሚናገሩት በአማርኛ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ አብዛኛው ከበርታ ቋንቋ ሌላ አይሰማም። እንግዲህ መሀል ላይ የምትቆመው ሂባ ነበረች።

ሂባ ወርቅ አጣቢ ናት። አማርኛውን የለመደችው ያጠበችውን ወርቅ አሶሳ ገበያ ይዛ ስትወጣ፣ ነጋዴዎቹ በሚዛን እንዳይጫወቱባት ብላ ነው። ወንዱንና ሴቱን እያቀላቀለች ትናገራለች፤ የወረዳውን አስተዳዳሪ በጉባኤ ፊት «አንቺ ቆይ፣ አልጨረስኩም» ስትለው ስንቱ ሳቁን በግድ እንደዋጠ የነበረ ያውቃል። ግን አንዲት ቃል አታስቀርም። አንዴ አንድ እንግዳ ሹም ሲናገር ቆይቶ ወደ እሷ ጠጋ አለና «ይቺን እንኳ አትንገሪያቸው» አላት። ሂባ ዞረችና «ይቺን እንኳ አትንገሪያቸው ብሏል» ብላ ለሕዝቡ አስተረጎመች። ከዚያ ወዲያ መንጌ ውስጥ ሂባ ካለች አለች ነው፤ የሚጠራጠራት የለም።

ድምፅዋ ደግሞ የጉድ ነበር። ስብሰባው የሚደረገው ከሰንበቴ ወፍጮ ጎን ካለው ማንጎ ሥር ነው። ሰንበቴ ከወሎ በሠፈራ የመጣች፣ ለማንም የማትበገር ሴት ናት፤ «ሹም መጣ ብዬ የሰው እህል አላቋርጥም» ብላ ሞተሩን አታጠፋም። ሹማምንቱ ሲጮኹ ጉሮሯቸው ይደርቃል። ሂባ ግን ከሞተሩ በላይ ነበር የምትሰማው፤ መጨረሻ ረድፍ የተቀመጠ ሽማግሌ ሳይቀር እጁን ጆሮው ላይ አያደርግም ነበር። በዚህ ትኮራለች፤ ኩራቷንም ለመደበቅ አትሞክርም።

እንቅርት ነበረባት። በዚያ አገር ብርቅ አይደለም፣ ግን የእሷ እያደገ ሄዶ ትንፋሽ መከልከል ጀመረ። በሪፈር ሩቅ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተላከች። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዶክተር ለሜሳ ከወለጋ የወጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከመቅደዱ በፊት፣ «ከእንቅርቱ ጀርባ ድምፅን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ያልፋል። እጠነቀቃለሁ፤ ግን ሊነካ ይችላል» አላት። ሂባ አሰበችበትና እሺ አለች። እንቅርቱ ወጣላት፣ ትንፋሽዋም ተከፈተ። ድምፅዋ ግን አልመጣም። አፏን ስትከፍት የሚወጣው ነፋስ የበዛበት ሹክሹክታ ሆነ፤ ውኃ ስትጠጣም ትን ይላታል።

ሐኪሙ በትንሽ መስታወት ጉሮሮዋን አይቶ አልሸሸጋትም። «ጉሮሮ ውስጥ ድምፅ የሚሰጡት ሁለት ክሮች ናቸው፤ እንደ ባለ ሁለት መዝጊያ በር ናቸው። ስትናገሪ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ያንቺ ግራው ቆሟል፤ ቀኙ ብቻ ነው የሚሄደው።»

«እስከ መቼ ነው?»

«አንዳንዱ በወራት ይመለሳል፣ እስከ ዓመትም ይጠበቃል። አንዳንዱም አይመለስም። ያን ጊዜ ቀኙ እየለመደ ወደ ግራው ይሻገራል፤ ካልሆነም ሌላ ሕክምና አለ።» ሲጠጡ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ እንደሚረዳም አሳያት።

መንጌ ስትገባ ወሬው ቀድሟት ነበር፤ ሆስፒታሉ የሴት ድምፅ ቆርጦ ያስቀራል ተባለ። እንቅርት ያለባቸው ሴቶች ሻሻቸውን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ። ከሁሉ የባሰባት አብራት ወርቅ የምታጥበው ኢቲዳል ነበረች፤ ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ተቀምጣ ነው የምታድረው። እሷም ሆስፒታል አልሄድም አለች።

ሂባን ሌላም ጠበቃት። የወረዳው ሹም አቶ ምንያህል አንገቱን ደፍቶ፣ «እናት ሂባ፣ ለጊዜው አረፍ ይበሉ። በእርስዎ ቦታ ኢዘዲንን አድርገናል» አላት። ኢዘዲን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ጎረምሳ ነው። ሂባ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። የከፋት የአስተርጓሚነት አበሉ ቀርቶባት አልነበረም፤ መንጌ ያለ እሷ ልትናገር መሆኑ ነው ያቃጠላት።

በወሩ ዶክተር ለሜሳ ራሱ ስለ እንቅርት ሊያስረዳ መንጌ መጣ። ከማንጎው ሥር ከመቶ በላይ ሴት ተሰበሰበ። ሂባ ከዳር ተቀመጠች። ወፍጮው እንደ ልማዱ ይጮኻል። ሐኪሙ ተናገረ፦ ቀዶ ሕክምናው ትንፋሽ ያድናል፤ ነገር ግን ጥቂት ሰው ላይ የድምፅ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህንን ሳልነግራችሁ ቀዶ ሕክምና አላደርግም።

ኢዘዲን ሴቶቹ እንዳይፈሩ አሰበ መሰለኝ፤ በዚያ ድምፁ «ምንም ጉዳት የለውም፣ ማንም አይጎዳም» አለና ዘጋው። ክፋት አልነበረበትም። ግን ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ሂባን አዩ። ጉዳቱ እዚያው ቁጭ ብሎ እያዩት የለም ሲባሉ ምን ይሉ? አንዷ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ኢቲዳል ፊት ፊት ነበረች።

ሂባ ተነሣች። ኢቲዳል አሁን ከሄደች እንደማትመለስ ገብቷታል። መሀል ገብታ አፏን ከፈተች፤ ሞተሩ ዋጠው። ደገመች፤ አሁንም ምንም የለም። እጇን ብቻ ከፍ አድርጋ ቆመች።

ያን ጊዜ ነው ያ ሞተር ተንተፋትፎ ዝም ያለው። ሰንበቴ ዱቄት እንደለበሰች በሯ ላይ ወጥታ ቆመች። ለአስተዳዳሪ ያላጠፋችውን ሞተር አጠፋችው። ሴቶቹም አንድ በአንድ ተመልሰው፣ ጠጋ ጠጋ ብለው ሂባ እግር ሥር ተቀመጡ።

ሂባ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ አንቺ እንደገና ተናገር። ሁሉን።»

ተናገረ። እሷም እንደ ሥራዋ ልማድ «እኔ» እያለች በሐኪሙ አፍ ተናገረች፦ «የሂባን እንቅርት ያወጣሁት እኔ ነኝ። የድምፅዋ ነርቭ ከጀርባው ሲያልፍ ተነካ። አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። ይህ የድምፅ ነርቭ ጉዳት ግን ሳይቀደዱም ይመጣል፤ ደረት ውስጥ ያለ ዕጢ ነርቩን ሲጫነው፣ አንገት ሲመታ፣ ከከባድ ጉንፋን በኋላ፣ በአንጎል ምትም ይመጣል። ምክንያቱ ሳይታወቅም ይቀራል። ስለዚህ ድምፁ ለሳምንታት የጎረነነ ሰው ይመርመር።» በየመሀሉ ትንፋሽ እያጠራት ታርፋለች፤ ሴቶቹ ይጠብቋታል።

ኢቲዳል በበርታ ጠየቀች። ሂባ አስተረጎመች፦ «የእኔም ድምፅ ይጠፋል ወይ ትላለች።»

«አይጠፋም ብዬ ልምልልሽ አልችልም። የብዙዎቹ አይጠፋም፤ ሊሆን ግን ይችላል። እንቅርትሽ ግን ትንፋሽሽን እየዘጋው ነው።»

ሂባ ይህንንም አንዲት ሳትቀንስ ነገረቻት። ኢቲዳል ሻሿን ከአንገቷ ፈታችና አንድ ነገር ተናገረች። ሂባ ወደ ሐኪሙ ስትዞር ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ሂባ አልዋሸችኝም፣ እሄዳለሁ ትላለች።»

በዚያ ቀን ስምንት ሴቶች ተመዘገቡ። አቶ ምንያህል ቃለ ጉባኤው ላይ የኢዘዲንን ስም ሰርዞ የሂባን ጻፈ። ኢዘዲንም አልተቀየመም፤ ወንበር አምጥቶ ከጎኗ አስቀመጠላት። ከዚያ ወዲህ መንጌ ውስጥ ሂባ ስታስተረጉም ከፊት ለመቀመጥ ሰው በጊዜ ይመጣል፤ ሹማምንቱም ሳይጮኹ መናገር ለምደዋል።

ያን ቀን ሰንበቴ በሯ ላይ እንደቆመች ነበር። ስብሰባው ሲበተን «ሂባ፣ ላስነሣው?» ብላ ጠየቀቻት። ሂባ ዙሪያዋን አየች፤ ሊጠይቅ የቀረ ሰው አልነበረም። ራሷን ነቀነቀችላት፤ ሞተሩም ተነሣ።