ሕፃን ያዘለው የሲኒማ ቤት በረኛ

የዚያን ዓመት ክረምት ሳስብ አስቀድሞ የሚመጣብኝ የቆርቆሮ ድምፅ ነው። የሲኒማ ቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። ዝናቡ ሲወርድበት ፊልሙ ላይ ያሉት ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ እንጂ ምን እንደሚሉ አይሰማም። ተመልካቹ ታዲያ ራሱ ይናገርላቸው ነበር። ከኋላ ወንበር አንዱ "ወንድሜን የት አደረስከው?" ይላል፣ ከፊት ሌላው "ምን አገባህ" ብሎ ይመልስለታል፣ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። እኔ የትኬት መስኮቷ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ እግሬ ከእርጥበቱ ደንዝዞ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ለምን ደስ እንዳለኝ እንኳ አልጠይቅም።

በሩ ላይ የሚቆመው ጋሽ ግንቡ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ትከሻው ከበሩ ስፋት ጥቂት ቢያንስ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ግንቡ ይለዋል። ድሮ የጭነት መኪና ጫኝ ነበር። ረብሻ ሲነሳ ሄዶ በሁለት ጣቱ የሰውየውን ትከሻ ነካ ያደርጋል፤ ሰውየው ኮፍያውን ፈልጎ ይወጣል። አልወጣም ያለውን ደግሞ እንደ ጆንያ ተሸክሞ ያወጣና ደጅ ላይ በቀስታ ያስቀምጠዋል። "ዕቃ አይወረወርም፣ ይቀመጣል" ይል ነበር። የጫኝነት አመሉ ነው፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

ሰው ይፈራው ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አንዲት ክፍል ውስጥ ከአንድ ብርጭቆና ከአንድ ማንኪያ ጋር ይኖራል ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ገብቼ ሳይ እውነትም ማንኪያው አንድ ነው።

ዝናቡ በበረታበት ሰሞን እህቱ ሳንባዋን ታመመች። ባሏ ሞቷል። ሐኪሞቹ ሌላ ከተማ ካለ ሆስፒታል ተኝታ መታከም አለባት አሉ፤ መቼ እንደምትመለስ ግን፣ መመለሷንም ቢሆን፣ አፉን ሞልቶ የሚናገር አልነበረም። ሦስት ልጆች አሏት። ትልቋ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ በሁሉም ነገር ላይ ስለምትፈርድ ዳኛዋ ይሏታል። ቀጥሎ ያለው ወንድ ነው፣ "ለምን" ከአፉ የማይጠፋ። ትንሿ ገና የምትድህ ናት፤ እሷን ሚጣ እንላታለን።

የሟቹ እህት፣ የልጆቹ አክስት፣ ጨዋ ሴት ነበረች፤ ክፉ አልላትም። ነገሩን ደልድላ ነው የመጣችው። ትልቋን እኔ እወስዳለሁ፣ ወንዱን ወንድሜ ይወስደዋል፣ ሕፃኗን ደግሞ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት አግኝቼላታለሁ አለች። በሽተኛዋ ይህን ስትሰማ የወንድሟን እጅ ያዘች።

"አንድ ላይ ይቆዩኝ" አለችው። "ስመለስ አንድ ቤት ላግኛቸው።"

እሱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

አክስትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። "አንተ የምታውቀው ሰው ማስወጣት ነው። ልጅ መያዝ ሌላ ነው።"

"እማራለሁ እትዬ።"

"እንግዲያው ሳልናገር እየመጣሁ አያለሁ። አያያዝህ ካላማረኝ እወስዳቸዋለሁ።"

አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባል የለ? እንደዚያ ነው ነገሩ።

ታዲያ የሚያውቀው ሥራ በረኝነት ነውና ልጆቹንም በበረኛ ደንብ ያዛቸው። ቁርስ በሰልፍ ነው፣ ፊት መታጠብ በሰልፍ ነው። ሁለቱ ተሰልፈው፣ እሱ ሚጣን በአንድ ክንዱ እንደ ዳቦ ታቅፎ፣ "ቀጥል" ይላል።

"አጎቴ፣ ከፊቴ ያለችው አንድ ሰው ናት። ለምን እሰለፋለሁ?" ይላል ወንዱ።

"ሰልፍ ሰልፍ ነው።"

"አጎቴ፣ ሰው ስታስወጣ አያለቅስም?"

"አንዳንዱ ያለቅሳል።"

"ከዚያ ታባብለዋለህ?"

ጋሽ ግንቡ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ተጨንቆ ነበር። "ይኼን ሁሉ ዓመት አንድም ሰው አባብዬ አላውቅም። ልጁ ሥራዬን ሊያስጠላኝ ነው" አለኝ።

የዳኛዋን ፀጉር ያሰረላት ቀን ደግሞ የትምህርት ቤት መምህሯ ልትፈታው ሞክራ አቃታት። ከሰዓት መስኮቴ ውስጥ አስቀምጫት በሹካ ጫፍ ስታገል ዋልኩ።

"ጋሼ፣ ምን አድርገህባት ነው?"

"የጭነት ቋጠሮ ነው" አለ ኮራ ብሎ። "ስሚንቶ ጭኖ አገር አቋርጧል፤ አንድም ቀን አልተፈታም።"

"እኔ ስሚንቶ አይደለሁም አጎቴ" ብላ ዳኛዋ ፈረደችበት።

ከዚያ ጉንጉን አስተማርኩት። እነዚያ ጣቶች መጀመሪያ እንቢ አሉ። "ፀጉር አትበለው፣ ሦስት ገመድ በለው" ስለው ነው የገባው።

ሚጣ ግን አስቸገረች። ቤት ውስጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም። አንድ ቀን የሚጠብቅለት ሰው አጥቶ አዝሏት ሥራ ገባ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ፣ ውስጥ ጡጫውና ሽጉጡ፣ ተመልካቹ ያፏጫል፤ ሚጣ ጀርባው ላይ አፏን ከፍታ ተኛች። ወደ ደጅ ሲወጣ ጸጥታው ይቀሰቅሳታል፣ ሲመለስ ትተኛለች። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት ሦስቱም ሲኒማ ቤት ዋሉ። ወንዱ ከኋላ ወለሉ ላይ ቁጭ ይላል። ዳኛዋ በሩ ላይ ቆማ አጎቷ እንደሚያደርገው ክንዷን አጣጥፋ ሰው ታያለች።

"አክስትየዋ ይህን ካየች አለቀልኝ" ይለኝ ነበር። "ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ይውላል ወይ ትላለች። እውነቷንም ነው።"

"ታዲያ ለምን ታመጣቸዋለህ?"

"ትተኛለቻ።"

የፈሩት ይደርሳል። አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ፣ አክስትየዋን መስኮቴ ሥር ቆማ አየኋት። ቤት ሄዳ በሩ ተቆልፎ አግኝታው፣ ጎረቤት ነው የጠቆማት። በዚያችው ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የሰፈራችን ጎማ ጠጋኞች፣ ሦስት ወንድማማቾች፣ ጠጥተው የገቡ፣ ከፊታቸው ከተቀመጡት ጋር ተያይዘው ነበር። ጋሽ ግንቡ በሩን ለዳኛዋ ትቶ ገብቷል።

"አጎትሽ የታለ?" አለች አክስትየዋ።

"ሥራ ላይ ነው። ትኬትዎን ያሳዩ።"

"አክስትሽ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ። ዘመድ በነፃ አይገባም ብሏል።"

አክስትየዋ ወደ እኔ ዞራ ዓይኔን ሳታይ "ቁረጪልኝ" አለች። ቆረጥኩላት። ዳኛዋ ትኬቱን ለሁለት ቀድዳ ግማሹን መለሰችላትና "መተላለፊያው ላይ አይቁሙ" አለቻት። እኔም ልቤ አልችል ብሎ መስኮቱን ዘግቼ ተከተልኳት።

ትልቁ ጎማ ጠጋኝ ወንበር አንስቶ ቆሟል። ጋሽ ግንቡ ፊቱ ቆሞ፣ ሚጣን እንዳዘለ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል።

"ተኝታለች" አለው በሹክሹክታ።

"ማን?"

"ሚጣ። ጥርስ እያወጣች ነው፣ ስትሰቃይ ነው ያደረችው። ወንበሩን ቀስ ብለህ አስቀምጠው። ዕቃ አይወረወርም።"

ጎማ ጠጋኙ አንገቱን አስግጎ አያት። ከዚያ ወንበሩን እንደ እንቁላል ቅርጫት አወረደው። "የእኔም ልጅ እንዲህ አድርጓት ነበር" አለ እሱም በሹክሹክታ። ወንድማማቾቹ በእግር ጣታቸው መውጣት ጀመሩ። አንደኛው ተደናቅፎ ወንበር ቢነካ ከየአቅጣጫው "እሽ" አሉት። አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ላይ ያለው ፊልም አጫዋችም ለደግ ብሎ ድምፁን ዘጋው።

ሚጣ ነቃች።

ያ ጩኸት እስከ መንገድ ሳይሰማ አልቀረም። ጋሽ ግንቡ ሕፃኗን እያወዛወዘ ዙሪያውን አየ። "ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁት? ጩኹ እንጂ" አለ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ይህ ሰው ዓመታት ሙሉ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚለው አንድ ቃል ነበር፤ "ዝም በሉ።" መጀመሪያ የተሰማው ከኋላ፣ ከወለሉ፣ የወንዱ ልጅ ቀጭን ድምፅ ነው።

"ወንድሜን የት አደረስከው?"

"ምን አገባህ" አለ አንዱ ከፊት። ከዚያ አዳራሹ ተናጋ። አፏጩ፣ ወለሉን ደበደቡ፣ ጎማ ጠጋኞቹ ከበሩ ተመልሰው ወንበር መታ መታ አደረጉ። ድምፁም ተመለሰ። ሚጣ አንዴ አዛጋች፣ ጉንጯን ጀርባው ላይ ጣል አድርጋ ተኛች።

ቀና ሲል አክስትየዋን አያት። ግንብ ሲፈርስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"እትዬ" አላት። "ቦታው ለልጅ እንደማይሆን አውቃለሁ።"

እሷ ጆሮው ሥር ተጠጋች፤ ያለዚያ አይሰማትም። "የእኔ ቤት ጸጥ ያለ ነው" አለች። "ያገኘሁላትም ቤት እንደዚያው ነው። ባልና ሚስቱ ሲነጋገሩ እንኳ አይሰሙም።"

"አዎ እትዬ።"

ሚጣን ብዙ አየቻት። "ታዲያ እዚያ ማን ይጮህላታል?" አለች። ቀጥላም፣ "ወንዱ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ነው የተቀመጠው። ነገ ምንጣፍ እልካለሁ። ማንኪያም ጨምሬ።"

ከዚያ መቀመጫ ፈልጋ ተቀመጠች። ትኬት ቆርጣ የለ። ወንዱ ልጅ ጎኗ ገብቶ፣ "አክስቴ፣ ለምን ይመታዋል?" ሲላት፣ "ዝም ብለህ እይ፣ እኔም አልገባኝም" ስትለው ሰማሁ። እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ በኋላም እሁድ እሁድ ትመጣ ነበር፤ ልጆቹን ላይ ብዬ ነው ትላለች።

እናትየዋ ዝናቡ አልቆ፣ መንገዱ አቧራ ከሆነ በኋላ፣ ከስታ ግን በእግሯ መጣች። ሦስቱንም አንድ ቤት አገኘቻቸው። ሚጣ አላወቀቻትም፤ አጎቷ እግር ሥር ተሸሸገች። እሱ ጎንበስ ብሎ አነሳትና እናቷ ጭን ላይ፣ እንደዚያ እንደሚያውቅበት፣ በቀስታ አስቀመጣት። ቆቡን አንስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ።

በማግስቱ ዓይኑ ቀልቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ምን ሆነህ ነው ጋሼ?"

"ጸጥታው አላስተኛ አለኝ።"

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከሥራ በፊት የዳኛዋን ፀጉር ለመጎንጎን ወደ እህቱ ቤት መሄዱን ግን፣ ልጅቷ አድጋ "በቃኝ" እስክትለው ድረስ አልተወም።

ሲኒማ ቤቱ ኋላ የቤት ዕቃ መሸጫ ሆነ። ያን ቆርቆሮም አነሱት። እኔም ወደ ልጄ ቤት ዞርኩ፣ ተራራቅን። መጨረሻ የሰማሁት ከዳኛዋ ነው፤ ገበያ አግኝታኝ። ጋሽ ግንቡ ከሚጣና ከባሏ ጋር ነው የሚኖረው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለው ቤት፣ መንገድ ዳር ያለችው ክፍል የእሱ ናት። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፣ ልጆቹን በሰልፍ ያስገባል።