ለቅሶ ቤት የተሠራ ዘፈን

ላፍቶ ድሮ ማሳ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሁሉ ጤፍ ይዘራበት ነበር፤ ወንዙን ሲሻገሩ ደግሞ ሽምብራ። ኦቦ ገዳ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ፣ እዚያው ያረጀ ሰው ነው። መሬቱ ዛሬ ለመንገድ፣ ነገ ለቤት እየተባለ ሲሸነሸን ሲሸነሸን፣ መጨረሻ ላይ ግቢው ብቻ ቀረው። በግቢው ጥግ ደግሞ ያቺ የበሬዎች በረት። ጭቃዋን ራሱ ነው ያቦካው፤ ግድግዳዋ ክንድ ያህል ይወፍራል። በሬዎቹ ሲሸጡ በረቷ ባዶዋን ቀረች። ልጁ ሴና ከኮሌጅ ወጥታ ሥራ ስትፈልግ ስትፈልግ ሰለቻትና፣ በረቷን ስጠኝ አለችው። ሰጣት። ምን ልታደርግባት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

ስቱዲዮ አደረገቻት። ላፕቶፕ አስገባች፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር አስገባች፣ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ለጠፈች። በየማእዘኑ ደግሞ ጭድ የሞላ ጆንያ ገተረች። ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ የሥር ድምፅ፣ ማእዘን ላይ እየተጠራቀመ ያጓራል፣ ጭዱ ይውጠዋል አለች። ኦቦ ገዳ በዚህ ነገር ስንት ቀን ሳቀ፤ በሬዎቹ ሄዱ፣ ጭዱ ተመልሶ መጣ እያለ።

ሥራዋን ለሰፈሩ ሴቶች ማስረዳት ግን ከባድ ነበር። አትዘፍን፣ አትጫወት። ሌላው የዘፈነውን ተቀብላ ነው የምታስተካክለው፤ ሚክስ ማድረግ ይሉታል። እንደ ሠርግ ቤት ነው ትላቸዋለች። እንግዳው ሁሉ ገብቷል፤ ማን ፊት ይቀመጥ፣ ማን ወደ ኋላ ይበል የሚለውን አስተናባሪ ካላየው ሠርጉ ይረበሻል። ዘፋኙ ፊት ይቀመጣል፣ ከበሮው ከኋላው፣ ቤዙ ከሁሉም ሥር እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ከዚያ ወዲያ ማስተሪንግ የሚሉት አለ፤ እሱ ተሰፍቶ ባለቀ ልብስ ላይ ካውያ ማሳረፍ ነው። ሴቶቹ እሺ እሺ አሉ። ከመካከላቸው አንዷ ታዲያ ለራስሽ መቼ ትሰፊያለሽ አለቻትና ተሳሳቁ።

ቤዝ የሚወዱ የጎፋና የመካኒሳ ልጆች ግን ሥራዋን ያውቁታል። ቤዝ ከፈለግህ ሴና ጋ ሂድ ይባባላሉ። እሷም የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ቤዝ በጆሮ ብቻ አይሰማም፣ በደረት ነው። ስፒከሩን ከፍታ ቆማ፣ ደረቷ ላይ እስኪያርፍ ትጠብቃለች። ኦቦ ገዳም ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጥና፣ ሲበዛበት በከዘራው ቆርቆሮውን መታ መታ ያደርጋል። ቤቴን ልታፈርሽው ነው ይላል። እሷም ትቀንሳለች።

እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን ኦቦ ገዳ ተኝቶ ቀረ። ልቡ ነው አሉ።

ሴና አላለቀሰችም። ድንኳን ተጣለ፣ ሰው ጎረፈ፣ አልቃሽ ስሙን እየጠራች ሰውን አንሰቀሰቀች፤ ሴና ቆማ አየች። ሰው ሲያቅፋት ካፖርቱ ናፍታሊን ናፍታሊን እንደሚሸት ታውቃለች፣ ያቀፋት ማን እንደሆነ ግን አታስታውስም። የሚያናግራት ሰው ድምፅ ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ይመስላታል። ቀብር ላይ አፈሩ ሲመለስ፣ ቦት ጫማዬን ጭቃ ነካው ብላ አሰበች። ሌላ ምንም አላሰበችም። የአባቷ እህት ገዲሴ ይህን አይታ አልማረቻትም።

«የወንድሜ ልጅ፣ ጡብ ነሽ እንዴ?» አለቻት በሰው መሀል።

እናቷ ወርቅዬ ሰማች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን አዞረች።

ሰልስት ወጣ፣ ድንኳኑ ተነሣ። ሰው ግን መምጣቱን አላቆመም፤ ለቅሶ ያልደረሰ፣ ከሩቅ የሰማ፣ ሁሉም ይመጣል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሬዲዮ አይከፈትም። አርባው እስኪወጣ ቴሌቪዥኑም ላይ ጨርቅ ይጣልበታል። ከሚመጡት መሀል ሂርጳ የሚባል የመካኒሳ ልጅ ነበር። ኦቦ ገዳ ከመሞቱ በፊት ለኢሬቻ የሚያወጣውን ዘፈን ሚክስ እንድታደርግለት ለሴና ሰጥቷት ነበር። አሁን መጥቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ስለ ዘፈኑ ትንፍሽ አይልም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ኢሬቻ ግን ደርሷል። ካለፈ በኋላ የኢሬቻ ዘፈን ማን ይሰማል? አንድ ዓመት ሙሉ ሊቀመጥ ነው። ልጁ ደግሞ ስሙ ገና ያልወጣ፣ የመጀመሪያው ዘፈኑ ነው። ሴና አደርስልሃለሁ ብላ ቃሏን ሰጥታዋለች።

ስለዚህ ሥራዋን በድብቅ ጀመረች። ወደ በረቷ ሹልክ ብላ ትገባና፣ ስፒከሩን ሳትነካ በኤርፎን ትሠራለች። ከዚያ የሠራችውን ስልኳ ላይ ጭና ሰው መሀል ተመልሳ ትቀመጣለች፤ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ፣ ከሥሩ ኤርፎኗን ሰክታ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማዋለች። ምቱ ሲመጣ ትከሻዋ ሳታውቀው ይንቀጠቀጣል።

ሴቶቹ አዩዋት። አንዷ ሌላዋን በክርን ነካች። ገዲሴ ተነሥታ መጥታ ጀርባዋን ደባበሰቻት፤ ይውጣልሽ፣ እሰይ ይውጣልሽ እያለች እሷም አብራ አነባች። ያን ቀን ቤቱ እንደ አዲስ ተላቀሰ። ሴና ነጠላዋን አልገለጠችም። ሴቶቹን ብትሰማቸውም ጆሮዋ ከኤርፎኑ አልወጣም፤ በልቧ ቤዙ አንሷል፣ ልጨምር እያለች ነበር።

ጨመረችም። በማግስቱ ሰማችው፣ አሁንም አነሳት። ደረቷ ጋ ምንም አይደርስም። ደግማ ጨመረች። የጎደለው ከዘፈኑ መሰላት። ማስተሩንም በዚያው ጨርሳ ለሂርጳ ላከችለት።

ሂርጳ መልስ አልላከም፤ ራሱ መጣ። ከአጥሩ ሥር ቆመው አወሩ። መጀመሪያ እግዜር ያጽናሽ አለ፣ ቀጥሎ እናቷን ጠየቀ፣ ከዚያ ስለ አየሩ አነሣ። ሴና ተናገር አለችው።

«ሴንዬ፣ የጎፋ ታክሲ ላይ አስከፈትኩት። ሾፌሩ ጓደኛዬ ነው። አንዲት ማዘር ጎማህ ፈነዳ መሰለኝ፣ አቁም አለችው። ወያላው ደግሞ ‹ዘፋኙን ረስታችሁት ነው የወጣችሁት?› ብሎ ሳቀብኝ።»

ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን አልሳቀች፣ አላፈረችም። ቤዙ ድምፅህን ዋጠው ማለት ነው? ብላ ጠየቀችው። ድምፄ የለም አላት። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ካስቸገረሽ ጎፋ ላለ ሌላ ሰው ልስጠው፣ አልቀየምም አለ። ሴና ይህን ስትሰማ ሊከፋት እንደሚገባ አወቀች፤ ሆዷ ውስጥ ፈለገችው፣ አላገኘችውም። ያገኘችው ቃሏን ብቻ ነው። እስከ ነገ ማታ ስጠኝ አለችው።

ስህተቱ የት ጋ እንደሆነ ገብቷታል። ስፒከር ሳይከፈት ቤዝ አይዳኝም። ስፒከሩን ደግሞ እንኳን ግቢው፣ ሰፈሩ ይሰማዋል። ወደ እናቷ ገባች። ወርቅዬ ጥቁር ሻሿን አስራ ምስር እየለቀመች ነበር። ሴና አጠገቧ ተቀምጣ ነገሩን ነገረቻት፤ ስለ ሂርጳ፣ ስለ ኢሬቻ፣ ስለ ስፒከሩ።

«ያን ዕለት ነጠላ ተከናንበሽ ያለቀስሽው ታዲያ?» አለች ወርቅዬ።

«አላለቀስኩም እማዬ። ሥራ ነበር።»

ወርቅዬ አንድ ድንጋይ ከምስሩ ለቅማ ጣለች።

«ሰው ግን ተጽናንቶብሻል» አለች።

አልተቆጣችም። አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም። ከዚያ ተነሥታ ጫማዋን አጥልቃ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ቦጋለ ሄደች። ለቅሶ ቤት የሚደረገውንና የማይደረገውን የሚያውቀው እሱ ነው። ምን እንዳለችው አልተናገረችም፤ ይዛ የመጣችው መልሱን ነው። በማግስቱ መካኒሳ አቦ ቀብር አለ። የጎረቤታቸው የሚካል እናት አርፋለች፤ ሰፈሩ አንድ ሰው ሳይቀር ይወጣል።

«እኔ ለቅሶ ቤት ዘፈን ፈቀድኩ አልልም ብሏል። ግን አቦ ቆሜ ላፍቶ ላይ የሚሆነውን አልሰማም አለ። አንቺ ቀብር መቅረትሽን ግን ሰው ያያል። እሱን ራሷ ትቻለው ብሏል።»

ሚካል ከሴና ጋር አብራ ያደገች ናት። በኦቦ ገዳ ለቅሶ እናትና ልጅ ሆነው ሳህን ሲያጥቡ ነው የከረሙት። ሴና ይህን ሁሉ ታውቃለች። እሺ አለች።

በማግስቱ ጡሩምባው ተነፋ፣ ሰዉ እየተንጋጋ ወደ መካኒሳ ወረደ። ወርቅዬም ሐዘንተኛ ብትሆንም ሄደች፤ በልጇ ፋንታ ልትታይ ነው። ሰፈሩ ጭር ሲል ሴና የበረቷን በር ዘጋች፤ ስፒከሩን ከፈተች።

መጀመሪያ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ከግድግዳው አቧራ ረገፈ። ቤዙ እንደ ጎርፍ መጣ፤ እውነትም ሂርጳ የለም። አንድ ሰው አፉን በትራስ ታፍኖ የሚጮህ ይመስላል። ሴና መሀል ቆማ ጠበቀች። ደረቷ ላይ ያርፋል ብላ ጠበቀች፤ አላረፈም። እንግዲያው በደረት አልሠራም አለች። እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ የስፒከሩን እስትንፋስ በመዳፏ ለካች፣ የቆርቆሮውን መንቀጥቀጥ በዓይኗ አየች። ቆርቆሮው እስኪያርፍ ቀነሰች። ከሥር የሚያጓራውን ቆረጠች። ቤዙን ወደ ምንጣፍነቱ መለሰችው። ሂርጳ ጫማውን አውልቆ እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ መሀል ላይ ተገኘ። በግጥሙ መሀል የሚስባት ትንሽ ትንፋሽ አለች፤ እሷ እንኳ ተሰማች።

ልክ መሆኑን አወቀች። ማወቅ ብቻ ነው፤ ደስታ አልነበረውም። ሰው ሳይመለስ ስፒከሩን አጥፍታ ዘፈኑን ለሂርጳ ላከችለት። ከሰዓት በኋላ ሂርጳ ከታክሲው ውስጥ ደወለ፤ ከኋላው ዘፈኑ ይሰማል። ወያላው ግጥሙን እየያዘው ነው አላት። ነገ ይወጣል አለ። ሴና እሺ፣ ይቅናህ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ቀኑ ሳይመሽ ሚካል ቤት ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሰጧት፣ አጎንብሳ ተቀመጠች። ሚካል ብዙ ሰው አቀፈች፤ እሷ ጋ ስትደርስ እጇን ብቻ ሰጠቻት።

«እኔ አባትሽን ቆሜ ነው ያስቀበርኩት» አለቻት በጆሮዋ።

ሥራ ነበረኝ አይባል። ሴና እስኪመሽ ተቀመጠች፤ ሲነሡ ሳህኖቹን ሰብስባ አጠበች። ሚካል አይታታለች፤ ተዪውም አላለቻትም፣ አላመሰገነቻትምም።

ቤት ስትገባ ወርቅዬ ምስሩን አቀረበች። እናትና ልጅ ብቻቸውን ነበሩ፤ ከኦቦ ገዳ ቀብር ወዲህ እንግዳ የሌለበት የመጀመሪያው ማዕድ። ወርቅዬ ሥራው አለቀ? አለቻት። አለቀ አለች። ደስ አለሽ? አለቻት። እንጃ አለች ሴና። ወርቅዬ አልነዘነዘቻትም፤ ብዪ አለቻት።

ሴና ጎረሰች። ሁለተኛ ጎረሰችና ቆም አለች። እስከዚያ ቀን ያቀረቡላትን ስትበላ ምን እንደበላች አታውቅም ነበር።

«እማዬ፣ ጨው የለውም።»

ወርቅዬ ወጡን በጣቷ ጫፍ ነክታ ቀመሰችው። ሐኪም ኦቦ ገዳን ጨው ከከለከለው ጀምሮ በዚያ ቤት ወጥ ሲሠራ ጨው አይገባም፤ የፈለገ ለየብቻው ነው የሚጨምረው።

«ለካ እስከ ዛሬ ለእሱ ነው የምሠራው» አለች።

ተነሥታ የጨዉን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አወረደች። ለሴና በሳህኗ ዳር በተነችላት። ለራሷ ግን ሳትጨምር ብልቃጡን ከደነችው፣ ቁጭ አለችና ከልጇ ጋር በላች።