እማዬ ያላስነካችው በቆሎ

ትናንት ዳንቴሎቼን አጥቤ ስተኩስ ልጄ አጠገቤ መጥታ አንዷን አነሳችና "እማ፣ ይቺ እኮ ተበላሽታለች፤ ለምን አትጥያትም?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለዓይን አትስብም። በአንድ ወቅት ነጭ የነበረች፣ አሁን ሻይ የፈሰሰባት የምትመስል የሬዲዮ ልብስ ናት። ሦስቱ ጎኗ ሥርዓት ይዞ፣ በአራተኛው ጎኗ በኩል አንድ መስመር ተኮማትሮ ቀርቷል፤ ካውያው ቢግል፣ ውኃ ቢረጭበት፣ አልዘረጋም ያለ መስመር። ስንት ዘመን ተኮስኳት፣ አንድ ቀን እሺ ብላኝ አታውቅም። ከልጄ እጅ ቀማኋትና ወደ መተኮሴ ተመለስኩ።

ያኔ ቤታችን ላፍቶ ነበር። ዛሬ ላፍቶ ሲባል ፎቅና የታክሲ ሰልፍ የሚታየው ሰው ባያምነኝም፣ የኛ ላፍቶ ገጠር ነበር ማለት ይቻላል፤ በክረምት ጭቃው ጫማችንን ከእግራችን ላይ ነጥቆ ያስቀርብን ነበር። አባታችን ካረፈ በኋላ እማዬ ዳንቴል እየሠራችና ሰፌድ እየሰፋች እኔንና ታላቅ ወንድሜን ደረጀን ታሳድገናለች። ከቤታችን ጀርባ ያለችው ጓሮ የምታስወራ ባትሆንም እማዬ ስንዝር መሬት አታባክንም፤ አጥሩ ላይ ዱባ ይሳባል፣ ከበሩ ወዲህ ጎመን፣ ከጎመኑ ወዲያ ድንች፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ጓሮው ጥግ ጥቅጥቅ ያለ በቆሎ ነው። ነሐሴ ሲገባደድ በቆሎው ከደረጀ ይበልጣል፤ ደረጀ ማለት በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ልጅ ነው። እሸት ሲደርስ ደግሞ እማዬ መጀመሪያ ለጎረቤት ትልካለች፣ እኛ የምንቀምሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ዓመት ደረጀ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። በደርግ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቀው፣ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይፈልጋል፤ ተጠርቶ ያልሄደ ይታፈሳል። ደረጀ ተጠርቶ አልሄደም። አንድ ዓርብ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት ለቤት ፍተሻ እንዳለ ወሬ ደረሰን። እማዬ አላለቀሰችም። ቅዳሜ ገና ሲነጋ ጆንያና ላስቲክ ይዛ በቆሎው መሀል ገባች፣ ለልጇ መቀመጫ አደላድላ ወጣች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጎመኗን መኮትኮት ጀመረች። ለኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ "እንደ ሁልጊዜው ሁኚ!" እስቲ ፍረዱኝ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እንደ ሁልጊዜው ሁኚ ስትባል እንዴት ነው የምትሆነው? ደጃፍ ላይ ወስፌና አክርማዬን ይዤ ተቀመጥኩና ሙዳይ ብዬ የጀመርኩት ስፌት ሰሃን ሆኖ አረፈው።

ደረጀ መቀመጥ የማይችል ልጅ ስለነበር እንዳይቁነጠነጥ ብላ እማዬ ኪሮሽና ክር ሰጠችው። ወንድ ልጅ ዳንቴል ሲሠራ! ድንች የምምስ መስዬ ምሳውን ሳቀብለው፣ ያን የሚያህል ጣቱ በዚያች ቀጭን መርፌ ላይ ተቆላልፎ ሳየው ሳቄን አፌ ውስጥ በቀሚሴ ጠቀጠቅሁት። "ለጓደኞቼ ብትነግሪ አልቀርሽም" አለኝ፣ እሱም እየሳቀ። ካፊያው በበቆሎው ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፣ እርጥብ አፈር ይሸታል፣ የበቆሎው ጢም ክሩ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግረዋል፤ እሱ ግን ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ የዳንቴሉን ዓይን ይቆጥራል። እውነቱን ልናገር፣ በማግስቱ ከኔ በልጦ ነበር፤ በጣም ነው የተናደድኩት። ከቀን ሁሉ እንደዚያ ቅዳሜ ወንድሜን የወደድኩበት ቀን ግን የለም።

የሚያስጨንቀው በቆሎው መድረሱ ነበር። ጢሙ ጠቁሯል፣ ፍሬው ልብሱን ሊቀድ ደርሷል። ጎረቤቶች በአጥር ላይ "ዘንድሮ ምነው ተረሳን?" እያሉ ይቀልዳሉ፣ እማዬም "ገና ነው" ትላለች። እኔንም አንዲት ራስ ብትነኪ ወዮልሽ ብላኛለች።

እሑድ ረፋድ ላይ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው መጡ። አልጋ ሥር አዩ፣ ቆጥ ላይ አዩ። እማዬ "ክፍለ አገር አጎቱ ጋ ነው" አለች። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ጓሮውን አየና ፊቱ ፈካ።

"እማማ፣ ደርሶ የለም እንዴ! እሸት አይሰጡንም?"

እሸት የጠየቀ ሰው እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው። ጥበቃው መልስም አልጠበቀ፣ ጎመኑን ተራምዶ ወደ በቆሎው አመራ። እማዬ መኮትኮቻዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ ጣቴን በወስፌ ወግቼ አላወቅሁትም።

ከአጥሩ ማዶ የሚያርሱት ኦቦ ገመዳ፣ የአገሩ ባላገር፣ ሙሉ እቅፍ በቆሎ ይዘው የገቡት ያን ጊዜ ነው። "ተው አንተ ልጅ፣ የሷ ፍሬ አልያዘም። ዘሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ የሚዘገይ ዘር ነው። እንኩ፣ የኔን ብሉ" አሉና ክንዳቸው ላይ ከመሩላቸው። እማዬ ከሳቸው ዘር ተቀብላ አታውቅም። ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሰው ደግሞ የደረሰ በቆሎ አይቶ አይሳሳትም።

ጥበቃዎቹ እያመሰገኑ ሄዱ። ኦቦ ገመዳ የቀረውን ደጃፋችን ላይ አስቀመጡ፣ ጉልበታቸው ላይ ልትደፋ ያለችውን እናቴን በክንዷ ያዙና፣ ወደ በቆሎው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ "የእናንተው ይቆይ" ብለው ወጡ።

ደረጀ የጥበቃው ኮቴ ሲቀርበው ክሩን በጣቱ አጥብቆ ጎትቶት ኖሯል። ያቺ የተኮማተረች መስመር የዚያን ጊዜ ናት።

የተያዘው በበጋ ነው፤ ለእማዬ ክር ሊገዛ ጎፋ እንደወጣ። ጓሮው ባዶ ነበር፤ ቢሮጥ የሚገባበት በቆሎ አልነበረም። ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፣ ከዚያ ወዲህ የሰማነው የለም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሁሉ በእግሩ ወደየቤቱ ሲመለስ እማዬ በር በሩን ታይ ነበር። በቆሎ መዝራቷን አልተወችም፤ ግን አንድም ዓመት አላስቆረጠችም፣ እዚያው ቆሞ ይደርቅ ነበር። አንድም ሰው ምነው አላላትም። ኦቦ ገመዳም በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ እቅፋቸውን ሞልተው መጥተው ደጃፉ ላይ ያስቀምጡና ያችኑ ቃላቸውን ተናግረው ይሄዳሉ፤ እስኪሞቱ ድረስ።

አሁን እርሻቸውም ጓሯችንም ፎቅ ሆነዋል። እኔም አንዱ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ከግድግዳዬ ወዲያ ማን እንደሚኖር አላውቅም፣ እሱም አያውቀኝም። ቤቴ ውስጥ ሰው ብደብቅ የሚዋሽልኝ ጎረቤት የለኝም፤ ይሄ ነው የሚቆጨኝ።

ማምሻውን ልጄ ተመልሳ መጣች። "ቢያንስ ያቺን መስመር ፈትተሽ አትሠሪያትም?" አለችኝ። ካውያውን አጠፋሁ፣ ዳንቴሏን አጥፌ ደረቴ ላይ ያዝኳት።

"ተይ" አልኳት፤ "እንዳለች ትቆይ።"