የእትዬ አስካለማርያም ካርድ

ግንቦት 2004 ላይ ሙሉብርሃን ቦንጋ ከተመደበ አራት ዓመት ሞላው። በመሥሪያ ቤቱ ያለው የኮምፒውተር ባለሙያ እሱ ብቻ ነው። ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠይቀውስ ማን ሊገባው? ምሳውን ብቻውን ይበላል፣ ማታ ዝናቡን አቋርጦ ብቻውን ኪራይ ቤቱ ይገባል።

ደብረ ታቦር ያሉት እናቱ እትዬ አስካለማርያም ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። እዚያ ያለ መሥሪያ ቤት ሊቀበለው ተስማምቷል። መልቀቂያው እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልደረሰ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የኃላፊው የጋሽ ግዛቸው ቃል ደግሞ አንድ ነው፦ «የቡና ገበሬዎቹን ማኅበር የአባልነት ካርድ አስወጣልኝና ደብዳቤህን ውሰድ።»

ካርዱ ግን አልወጣ አለ። የሙሉብርሃን ፕሮግራም ስሙን የሚያሳትመው ፈረንጆች ለጻፉት ላይብረሪ፣ ለተዘጋጀ የፕሮግራም ስብስብ፣ እያቀበለ ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፈው የአካባቢው ቋንቋ የካፊኖኖ መስመር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የአማርኛው ስም ይቆረጣል፣ አንዳንዴም ጫፉ ላይ ባዶ ሳጥን ይለጠፍበታል። ጥፋቱ የፎንቱ ነው ብሎ ሦስት ሳምንት ፎንት ሲጭንና ሲያጠፋ ከረመ፣ ምስኪን። ለሙከራ የሚጽፈው የእናቱን ስም ነበር። «አስካለማርያም ተድላ» ብሎ ሲልክ «አስካለ» ብቻ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ናፍቆቱ ይብስበታል።

አንድ ከሰዓት «ግዛቸው ሚሊዮን» ብሎ ሞከረ። «ግዛቸ» ወጣ። በጣቱ ቆጠረ፤ ክፍት ቦታውን ጨምሮ ከዘጠኝ ሦስት፣ ከእናቱ ዐሥራ ሁለት ደግሞ አራት። ሁሌም ሲሶው። ለካ ላይብረሪው ርዝመት የሚለካው በባይት፣ በኮምፒውተሩ የማስቀመጫ መለኪያ፣ ኖሯል፤ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛው ሦስት ይይዛል። እሱ ደግሞ ርዝመቱን በፊደል ቆጥሮ ነበር የሚልከው። አንዲት መስመር አስተካከለ፤ የእናቱ ስም ሳይጎድል ወጣ። ለማን ላሳይ ብሎ ዞር ቢል ክፍሉ ባዶ ነው።

ጋሽ ግዛቸው የእናቱ ስም የታተመበትን ካርድ አገላብጠው አዩት።

«ጎበዝ። እንዲህ ያለ ሰው ለቅቄ ነገ ሲበላሽ ማንን ልጠራ ነው?»

«ጋሼ፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ።»

«እናትህን ወደዚህ አምጣቸው። ይኸው፣ አባል ሆነዋል።» ስቀው ካርዱን መለሱለት።

ወይ ጋሽ ግዛቸው! ሙሉብርሃን ሰኔ ሠላሳ እስኪያልፍ በየቀኑ በራቸው ላይ ቆመ፤ ደብዳቤው አልተፈረመም።

እሑድ እናቱ ደወሉ።

«ያ ካርድ ወጣልህ፣ ልጄ?»

«ወጣ፣ እማዬ። ስምሽ ሳይጎድል ወጣ።»

«እሰይ። እንግዲያው አልጋህን ላንጥፍልህ።»