«ቃሌ ነው» ያሉኝ ሁለት ጎረቤታሞች

«እኔ ወስዷል ነው የምለው። ግን የእሱን ቃል እንዳትቀንሺበት።»

እንዲህ ያሉኝ ዛሬ ጠዋት መሐል ሜዳ ገበያ ላይ እትዬ አስካለ ናቸው። ጎረቤታቸው ጋሼ ጌታነህ የእትዬን በጎች ሰርቀዋል ተብለው ተፈርዶባቸው፣ ቅጣታቸውን ጨርሰው ወጥተዋል። እስከ ዛሬ ግን «አልሰረቅሁም» ይላሉ።

ቀደም ብዬ የመጀመሪያ የሬዲዮ ዘገባዬን በዚህ ላይ ጽፌ ነበር። በጉጉቴ ጋሼን ነጻ አውጥቼ አረፍኩት። (በአንድ የጋዜጠኝነት ዲግሪ ዳኛም ሆኜ ነበር።)

ሽምግልና የሚቀመጡት አባቴ ሲሰሙ ሳቁብኝ። «እኛ የሁለቱንም ቃል መልሰን እናሰማለን። ‹አዎ፣ ቃሌ ነው› ካላሉ ወደ ፊት አንሄድም።»

ፍርዱንም፣ የእትዬን ክስም፣ የጋሼን «አልሰረቅሁም»ም አስገብቼ እንደገና ጻፍኩት። ዛሬ ጠዋት ለሁለቱም የየራሳቸውን ቃል አነበብኩላቸው፤ ሁለቱም «አዎ፣ ቃሌ ነው» አሉኝ፤ እትዬ ከላይ ያለውን የጨመሩልኝም ያኔ ነው።

ጋሼ ደግሞ፣ «ተፈርዶበታል የሚለውም ይቆይ፣ እውነት ነው። ብቻ ልጆቼ የእኔንም ቃል ከሌላ ሰው አፍ ይስሙልኝ» አሉ።

ዘገባው ከሰዓት በኋላ ተላለፈ። ወዲያው ጋሼ ደወሉ፤ «ልጆቼ ሰሙ» ብቻ ብለው ዘጉት። እኔማ መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።

እናንተስ? ከእናንተ ጋር የማይስማማ ሰው ቃላችሁን ሳያጎድል የተናገረላችሁ ቀን ካለ ጻፉልኝ፤ ዛሬ ሁሉንም አነባለሁ።