የአጣቢው መስመር

የሰፈሩ ሰው እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ «በረኪና» ነው የሚለው። ፊት ለፊት ሲጠሩትም አይከፋውም፣ እንዲያውም ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ዕድሜውን የጨረሰው የሰው ልብስ ሲያጥብና ሲተኩስ ነው። እድፍ ይዞ ወደ ላውንደሪው የገባ ልብስ እድፉን ይዞ ወጥቶ አያውቅም። የዘይት ቢሆን፣ የደም ቢሆን፣ የዝገት ቢሆን ያስለቅቀዋል። ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ያለ ሊፒስቲክ ሲያጋጥመው ደግሞ ከየት መጣ ሳይል ስለሚያነሳው፣ ስንቱን ትዳር እንዳዳነ እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት።

ሚስቱ ከፊት ባንኮኒው ጋ ትቀመጣለች። ልብስ የምትቀበለውም፣ የማን እንደሆነ ከኮሌታው ውስጥ በወይን ጠጅ ቀለም ማርከር ምልክት የምታደርገውም እሷ ናት። የማርከሩ ቀለም ቢያጥቡት አይለቅም፤ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎቱ መሀል ሲነታረኩ ይውላሉ። ደንበኛው ጠብ ይመስለዋል እንጂ ጨዋታቸው ነው።

ከዚያ የግራ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ቁስሉ ሲድን ደግሞ የቀረውን ለማጥፋት የጨረር ሕክምና ታዘዘላት። የጨረር ባለሙያዋ፣ ለልጅነት የቀረበች ቀጭን ሴት፣ አስተኝታ ደረቷና ጎኗ ላይ በወይን ጠጅ ቀለም መስመሮች አሰመረችላት።

«እማማ፣ ማሽኑን የምናስተካክለው በእነዚህ መስመሮች ነው። ጨረሩ ከመስመሩ ማለፍ የለበትም። ከሥሩ ልብ አለ» አለቻት። አብሮ ወደ ገባው ባሏም ዞራ፣ «አባባ፣ ሳሙና እንዳይነካው፤ እንዳይታሽም። ደብዘዝ ሲል እኛ እዚሁ እናደምቀዋለን» አለችው።

«ስለ ቀለም ለኔ ነው የምትነግሪኝ ልጄ?» አለ በረኪና፣ ኮራ ብሎ።

«ቀለም ማጥፋት እንጂ ቀለም መጠበቅ የት ያውቅበታል?» አለች ሚስቱ ከአልጋው ላይ። «እኔንስ እንደ ደንበኛ ሸሚዝ ምልክት አደረጋችሁብኝ።» ባለሙያዋ ሳቀች።

በረኪና የጠላው የጨረር ክፍሉን በር ነው። እንደ ግንብ ወፍራም ነው፤ እያጓራ ሲዘጋ ከላዩ ቀይ መብራት ይበራል። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው ጥሏት ይወጣል። አንድ ቀን ሆዱ አልችል ብሎት፣ «ደግ ነገር ከሆነ እናንተ ምን ያስሮጣችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ባለሙያዋ አልተቆጣችም። «እኛ እዚህ ነው የምንውለው አባባ። ትንሽ ትንሹ ይጠራቀምብናል። ለእሳቸው ግን መድኃኒታቸው ነው፤ ተለክቶ ነው የሚሰጣቸው» አለችው። ነገሩ ገባው። በሩን ግን አልወደደውም።

ሳምንታት ሲያልፉ ቆዳዋ ጠቆረና ይለበልባት ጀመር። ክንዷን ማንሳት አቃታት። አንድ እሑድ ሙቀቱ በርትቶ አልቧት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጋደም አለች። በረኪና አንጀቱ አልችል አለና ለብ ያለ ውሃ አምጥቶ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጀርባዋን ቀስ እያለ ይጠርግላት ገባ። መስመሩን ላለመንካት ተጠንቅቆ ነበር። ውሃው ግን ወርዶ የጎኗን መስመር ነካውና ቀለሙ መሮጥ ጀመረ።

በእጥበት ሙያ አንድ ሕግ አለ፤ ቀለም መሮጥ ከጀመረ እጅህን አትሰብስብ፣ ካቆምክ ተሰራጭቶ ልብሱን ሁሉ ያበላሸዋል። ይህ ሕግ ከበረኪና ጭንቅላት ወርዶ እጁ ውስጥ ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው። እጁ ሳያማክረው ሥራውን ሠራ። ልብ ሲል መስመሩ የለም። ጎኗ እንደ ታጠበ አንሶላ ንጹሕ ነው።

 ባለሙያዋ ጋ ደውሎ ሊናገር አሰበ፤ ወዲያው የሰፈሩ ሳቅ ጆሮው ላይ አቃጨለበት። በረኪና ሚስቱንም አጠባት ሊባል ነው! ደግሞስ ሕክምናው ቢቋረጥባት? ቆሞ ተወዛገበና በመጨረሻ ከባንኮኒው ማርከሩን አመጣ። ስንት ዓመት የሱሪ መስመር ስተኩስ ኖሬ የሚስቴ ጎን ይጠፋኛል? አለ ለራሱ። ቀድሞ የነበረበትን እያስታወሰ አሰመረ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። እንቅልፍ ወስዷታል ብሎ ደስ አለው።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ምላሱ ጫፍ ላይ የደረሰውን ነገር መልሶ ሲውጠው ነበር። እሷ ገባች፤ እሱ ኮሪደሩ ላይ ካሉት ተራ ጠባቂዎች መሀል ተቀመጠ። ትንሽ ቆይታ ባለሙያዋ ወጣች፤ በአጠገቡ ስታልፍም፣ «አርብ ተረኛ የነበረችው ልጅ መስመሩን እንዴት አድርጋ አድምቃዋለች!» አለችው፣ ደስ ብሏት።

በሩ ማጓራት ጀመረ።

«አቁሚ!» ብሎ ብድግ አለ። «አቁሚ ልጄ! እኔ ነኝ! በእጄ አጥፍቼው በእጄ ነው የሠራሁት!»

 ተራ ጠባቂው ሁሉ አፈጠጠበት። ባለሙያዋ ፊቷ ተለዋወጠ፤ በሩን አስቁማ ወደ ውስጥ ገባች። በረኪና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ተመልሳ እስክትወጣ ያለው ጊዜ አልገፋ አለው።

«ለካሁት» አለች ስትወጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ጣት ያህል ገብቷል አባባ።»

«ወደ የት?»

«ወደ ልብ።»

በረኪና እጁን አገላብጦ አየው።

«ዛሬ አንሰጣቸውም። ነገ እንደገና ራጅ አንስተን፣ ለክተን እናሰምራለን። የአንድ ቀን መዘግየት አይጎዳቸውም» አለችውና ትከሻውን ያዝ አደረገችው። «ጨረሩ ሳይለቀቅ መናገርዎ ነው ትልቁ ነገር። ሁለተኛ ግን ይደውሉልኝ፣ እሑድም ቢሆን።»

ሚስቱ የሹራቧን ቁልፍ እየቆለፈች ወጣች። ዓይኗን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አላት። «ተኝተሽ ሳለ...»

«መች ተኛሁ?» አለችው። «ስንት ዘመን የያዝኩት ማርከር ሽታው ይጠፋኛል?»

በረኪና ቀና አለ። «ታውቂ ነበር? ዛሬ ስትገቢም እያወቅሽ ነው የተኛሽላቸው?»

«እያወቅኩ።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ትያለሽ!»

«ስታሰምር እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች፣ ዝግ ብላ። «እንዴት እንደደነገጥክ ገባኝ። ሰው ፊት እንድታፍር አልፈለግኩም።»

«ልብሽ እኮ ነው አንቺ! ከሥሩ ልብ አለ ተብለሽ የለም እንዴ?»

«ተብያለሁ። አንተ የሠራኸው ነውና ብዙም አይስትም አልኩ። ከሳተም...» ብላ ቃሏን አቋረጠች። «አንተን ሲስቁብህ ከማይ ይሻለኛል አልኩ።»

ሰው ሁሉ እያየው ነበር። የሰፈሩን ሳቅ ፈርቶ ሌሊቱን ያልተኛው በረኪና አሁን ስለማንም ግድ አልነበረውም፤ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። የሳቀ ሰው የለም። እሷ አጠገቡ ተቀመጠች። የግራ ክንዷ አልነሳ ስላላት በቀኝ እጇ ሻርፗን ከአንገቷ አውርዳ ፊቱን ጠረገችለት።